ቴዎዶር ፎርስተርና የጥንድ ሞለኪዩሎች ብርሃን

ፊዚካል ኬሚስትሪን የተማረ ሁሉ የቴዎዶር ፎርስተርን ስም ያውቃል። ይሁን እንጂ ስሙ ከአንድ ቀመር ጋር ተጣብቆ ስለ ቀረ፣ ሰውየው ማን እንደ ነበረና ከቀመሩም ሌላ ምን እንደ ሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፎርስተር በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ በ1910 ተወለደ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ሊቁ በኤርዊን ማዴሉንግ ሥር ተምሮ በ1933፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። በዚያው ዓመት የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። የሳይንስ ሰው ታሪክ ሲወሳ ይህን የመሰለውን ነገር አለባብሶ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ግን አይገባም። በዚያው በ1933 ብዙ የጀርመን ሊቃውንት በዘራቸው ምክንያት ከማስተማሪያ ወንበራቸው ተባርረዋልና። ፎርስተር ከካርል ፍሪድሪኽ ቦንሆፈር ጋር ወደ ላይፕዚግ ሄዶ ሠራ፤ ከ1942 ጀምሮም በፖዘን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ጀርመኖች የፖላንዶችን ከዘጉ በኋላ በቦታው ያቋቋሙት ነበር። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ወንበሩም አብሮ ጠፋ።

ከጦርነቱ በኋላ በጌቲንገን ከተማ ተጠግቶ ስሙን ያስጠራውን ሥራ ጀመረ። የተነሣበት ጥያቄ ከቅጠል የመጣ ነው። ኤመርሰንና አርኖልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1932፣ አንዲት የኦክሲጅን ሞለኪዩል እንድትገኝ 2,500 ያህል የክሎሮፊል ሞለኪዩሎች እንደሚተባበሩ አሳይተው ነበር። ታዲያ አንዱ ክሎሮፊል ከፀሐይ የተቀበለው ጉልበት ወደ ሌላው በምን መንገድ ይሄዳል? ፎርስተር በ1946ና በ1948 ባወጣቸው ጽሑፎች፣ ጉልበቱ በመካከል ብርሃን ሳይወጣ ከሞለኪዩል ወደ ሞለኪዩል እንደሚተላለፍ፣ የመተላለፉም ፍጥነት በርቀቱ ስድስተኛ ርቢ ልክ እንደሚቀንስ በስሌት አረጋገጠ። ርቀቱ እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱ 64 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ዛሬ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች በፕሮቲን ውስጥ ያለውን የናኖሜትር ርቀት የሚለኩት በዚሁ ቀመር ነው።

በ1951 ወደ ስቱትጋርት በፕሮፌሰርነት ተዛወረ፤ ስለ ኦርጋኒክ ውሑዶች ፍሉረሰንስ የጻፈውም መጽሐፍ በዚያው ዓመት ታተመ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ሥራው ግን በ1954 ከካስፐር ጋር ያወጣው ነው። ፓይሪን የተባለው ንጥረ ነገር በፈሳሽ ውስጥ በጣም ሲቀጥን፣ በአልትራቫዮሌት ጨረር ቢመታ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ብርሃን ያወጣል። መጠኑ ሲበዛ ግን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ሲቀጥን ተመልሶ እንደ ቀድሞው ይሆናል። ሁለት ሞለኪዩሎች አስቀድመው ተጣምረው ቢሆን ኖሮ ፓይሪኑ ብርሃን የሚውጥበት ሁኔታም በተለወጠ ነበር፤ እርሱ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ጥንዱ የሚፈጠረው ብርሃን ከተዋጠ በኋላ ነው ማለት ነው። የነቃው ሞለኪዩል ያልነቃ ጓደኛውን ያገኛል፣ ፊት ለፊት ይጣበቃል፣ ብርሃኑን ከለቀቀ በኋላ ይለያያል። ዕድሜው ከሰከንድ ሚሊዮንኛ እጅግ ያነሰ ጥንድ መኖሩን በቀለም ለውጥ ብቻ ማወቅ ታላቅ አስተዋይነት ነው።

ግኝቱ የተገኘው በፈሳሽ ቢሆንም የጠጣሩን ምስጢር የከፈተ እርሱ ነው። ከሊማሊሞ ግርጌ በዛሪማ ያለ ገበሬ ነዶውን ጎን ለጎን አጋድሞ ወይም አንዱን በሌላው ላይ አነባብሮ ቢከምረው እህሉ ያው እህል ነው። በኦርጋኒክ ክሪስታል ውስጥ ግን አከማመሩ ራሱ ብርሃኑን ይለውጣል። የአንትራሲን ሞለኪዩሎች በክሪስታላቸው ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተጋድመው ስለሚደረደሩ ፊታቸው አይገጣጠምም፤ ስለዚህ ብርሃናቸው ከነጠላው ሞለኪዩል ብርሃን ብዙ አይርቅም። የፓይሪን ሞለኪዩሎች ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በፈሳሽ ውስጥ ተፈላልገው የሚገናኙት እዚህ ተገናኝተው ይጠብቃሉ፤ በዚህም ምክንያት ክሪስታሉ ሰማያዊውን ብርሃን ያወጣል። ቢ. ስቲቨንስ በ1962 የእነዚህን ክሪስታሎች ብርሃን እንደ አደራደራቸው በወገን በወገን ለየ። ፔሪሊን ደግሞ ከሁሉ የጎላ ምስክር ነው፤ ይኸው አንድ ንጥረ ነገር ሁለት ዓይነት ክሪስታል ይሠራል፤ በጥንድ የተደረደረው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ብርሃን ሲያወጣ፣ በነጠላ የተደረደረው አረንጓዴ ያወጣል። ዛሬ ኬሚስቶች በሞለኪዩሉ ጎን ቅርንጫፍ እየቀጠሉ፣ ሲሻቸው እንዲነባበር፣ ሲሻቸው እንዳይነባበር በማድረግ ቀለሙን ይመርጣሉ።

ለዚህ ጥንድ ዛሬ የሚታወቅበትን ኤክሳይመር የሚለውን ስም ያወጡለት በ1960 ስቲቨንስና ሃተን እንጂ ፎርስተር አይደለም። የዓይን ሐኪሞች በኤክሳይመር ሌዘር ሲሠሩም የስቱትጋርቱን ላቦራቶሪ የሚያስታውስ አይገኝም። የኖቤልም ሽልማት አልደረሰውም።

ፎርስተር 64 ዓመት በሞላው በአምስተኛው ቀን፣ በሜይ 20 ቀን 1974፣ በስቱትጋርት በድንገት ዐረፈ።