ዊልያም ብሌክ፦ ከመዳብ ሰሌዳ እስከ ጥራዝ

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ብሌክ (እ.ኤ.አ. 1757–1827) በሥነ ጽሑፍ ጥናት የሚታወቀው በአብዛኛው በግጥሞቹ ነው። ግጥሞቹ ከሥዕሎቹ ተነጥለው በተራ የፊደል ኅትመት ሲነበቡ ግን የሥራው ግማሽ ይቀራል፤ ብሌክ ኑሮውን የመሠረተው በመዳብ ቅርጽ ሙያ ነበርና።

በ1772፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ለንደን ውስጥ በቀራጩ ጄምስ ባዚር ዘንድ ለሰባት ዓመት በተለማማጅነት ገባ። ባዚር የሚከተለው የመስመር ቅርጽ ስልት በዚያ ዘመን ያረጀ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ለተማሪው ግን ጥብቅ የእጅ ሥርዓት አወረሰው። የሌሎችን ሥዕል ለአሳታሚዎች እየቀረጸ መኖር ግን የራሱን መጽሐፍ አላስገኘለትም።

መፍትሔው በ1788 ገደማ መጣ። በመደበኛው የመዳብ ቅርጽ ቀለም የሚይዘው የተቦረቦረው መስመር ነው፤ ብሌክ ይህን ገለበጠው። አሲድ በማይበላው ፈሳሽ በመዳቡ ላይ በብሩሽና በብዕር ጻፈ፣ ሣለም፤ አሲዱ ባዶውን ስፍራ ሲበላው ጽሑፉና ሥዕሉ ከፍ ብለው ቀሩ። ስልቱን በ1787 የሞተው ታናሽ ወንድሙ ሮበርት በራእይ እንደገለጠለት ይናገር ነበር።

ኅትመት ገልብጦ ስለሚያወጣ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ ነበረበት። ይህ በቀጥታ ሊሠራ አይችልም ብለው የጠረጠሩ ነበሩ፤ በ1947 ሩትቨን ቶድ፣ ስታንሊ ዊልያም ሄይተርና ጁዋን ሚሮ በኒው ዮርክ ጽሑፉን ከወረቀት ወደ ሰሌዳ የማዛወር ሙከራ አደረጉ። ጆሴፍ ቪስኮሚ ግን ራሱ ሰሌዳ እየሠራ ባካሄደው ጥናት፣ የሠለጠነ ቀራጭ በግልብጥ መጻፍ እንደማይከብደው አሳየ። ይህ የሚያሳምን ነው፤ በግልብጥ መሥራት ለቀራጭ የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር።

የቀረው ሥራ የቤት ሥራ ነበር። ሚስቱ ካትሪን በ1782 ስታገባ በመዝገቡ ላይ የፈረመችው በመስቀል ምልክት ሲሆን፣ ማንበብና መጻፍ ያስተማራት እርሱ ነው፤ ኋላ ማተሚያውን አብራ ታንቀሳቅስ፣ ገጾቹንም በውሃ ቀለም ታቀልም ጀመር። ስለዚህ የ1789ኙን የንጽሕና መዝሙሮች ቅጂዎች የአንድ ሰው እጅ ሥራ አድርጎ መቁጠር ያዳግታል። አንዱ ቅጂ ከሌላው በቀለም፣ አንዳንዴም በገጽ ቅደም ተከተል ይለያል።

ነፃነቱ ዋጋ ነበረው። መቶ ሰሌዳ ያለው የኢየሩሳሌም መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ በቀለም የተጠናቀቀበት አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ብሌክ ሲሞት ገዢ ሳያገኝ በእጁ ነበር። ከፍ ባለ ቅርጽ ከሠራቸው ሰሌዳዎች ዛሬ የሚገኘው፣ አሜሪካ ለተባለው መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ከተጣለ ሰሌዳ የተረፈ አንድ ስባሪ ነው።