ሃያ ዓመት የጠበቀው ባትሪ፦ የጋስቶን ፕላንቴ ሕይወት



በዚህ እትም ሕይወቱን የምናስቃኛችሁ ሰው በኤሌክትሪክ መማሪያ መጻሕፍት ስሙ የታወቀ ነው። ከዚያ ውጭ ግን እንደ ኤዲሰን በየሰዉ አፍ አይጠራም። ሥራው ደግሞ በየቀኑ ያገለግለናል። ከፔዳ ወደ ፖሊ የሚወስደን ታክሲ ቁልፉ ሲዞር የሚነሣው በእርሳስና በአሲድ በተሠራ ባትሪ ነው። መብራት በጠፋበት ምሽት በገጠር መስጂድ የአዛኑ ድምፅ ማጉያ የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ከመኪና በወረደ እንዲህ ያለ ባትሪ ነው። ይህን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ ይባላል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፕላንቴ የተወለደው በ1834 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ኦርቴዝ በምትባል ከተማ ነው። በ1854፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ፓሪስ ውስጥ በታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ በኤድሞን ቤክሬል ሥር የቤተ ሙከራ ረዳት ሆነ። በማግስቱ ዓመት ከፓሪስ አጠገብ በሜዶን ከጥንት ዘመን የቀረ የአንድ ግዙፍ ወፍ አጥንት አገኘ። ወፉ መብረር የማይችል፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ነበር። ሊቃውንቱም ከወጣቱ ስም ወስደው ጋስቶርኒስ ብለው ሰየሙት። በ21 ዓመቱ ስሙ በሳይንስ መዝገብ ሰፈረ። እሱ ግን በዚህ ዝና ሳይዘናጋ ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰ።

በዚያን ዘመን ባትሪ አዲስ ነገር አልነበረም። ጣሊያናዊው ቮልታ የመጀመሪያውን የሠራው በ1800 ነው። ችግሩ ባትሪው አንድ ጊዜ አገልግሎ ማለቁ ነበር። በውስጡ ያለው ዚንክ በአሲዱ እየተበላ ሲያልቅ ኤሌክትሪኩም ያልቃል። እንደገና ለመጠቀም አዲስ ዚንክና አዲስ አሲድ መግዛት ያስፈልጋል። ፕላንቴ የተነሣው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው፦ ኤሌክትሪክ የሚቀበል፣ የሚያጠራቅምና መልሶ የሚሰጥ ነገር መሥራት ይቻላል ወይ?

መዳብን፣ ብርን፣ ቆርቆሮን፣ ወርቅን፣ ፕላቲነምን ሳይቀር አንድ በአንድ ፈተነ። ሁሉንም የበለጠው ርካሹና ከባዱ እርሳስ ሆነ። በ1859 ሁለት የእርሳስ ሉሆችን በመካከላቸው መለያ አድርጎ እንደ ምንጣፍ ጠቀለላቸውና በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ኤሌክትሪክ ሲያስገባባቸው አንደኛው ሉህ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ቡናማ ሆነ፤ ሌላኛው ንጹሕ እርሳስ ሆኖ ቀረ። ገመዱን ሲያገናኝ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ ወጣ። ሲሰጥ ሁለቱም ሉሆች ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ፣ አሲዱም ይቀጥናል፤ ሲሞላ ነገሩ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዛሬ የባትሪ ሠራተኞች የአሲዱን ክብደት ለክተው ባትሪው መሙላቱንና ባዶ መሆኑን የሚያውቁት በዚህ ምክንያት ነው። ፕላንቴ በ1860 ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ሴሎችን አያይዞ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ።

የአንዱ ሴል ኃይል 2 ቮልት ያህል ነው። ጥንካሬው ግን ከቮልቱ ይልቅ በአምፒሩ ላይ ነበር። ሉሆቹ ሰፊና እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው በአንድ አፍታ ብዙ ኤሌክትሪክ መልቀቅ ይችላል። የፕላቲነም ሽቦን እስኪግል አንድዶ ሻማ ይለኩስ ነበር።

ታዲያ ዓለም ወዲያው ተቀበለው? አልተቀበለውም። ሁለት ትልልቅ እንቅፋቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ ባትሪውን የሚሞላ ጄኔሬተር ገበያ ላይ አልነበረም። ፕላንቴ አዲሱን ባትሪ የሚሞላው በእነዚያው በሚያልቁት አሮጌ ባትሪዎች ነበር። እንስራው ተሠርቷል፤ የሚሞላበት ምንጭ ግን ገና አልፈለቀም። ሁለተኛው፣ እርሳሱ ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲይዝ መላልሶ መሙላት፣ ማራገፍ፣ አቅጣጫውን ገልብጦ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ዙር የእርሳሱ ገጽ እንደ ስፖንጅ እየሳሳ የመያዝ ዐቅሙ ይጨምራል። ይህ ሥራ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስድ ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሥራ ይጀምር ነበር። ፕላንቴ ግን ሃያ ዓመት ያህል ያንኑ ባትሪ ሲሞላና ሲያራግፍ፣ ሲለካና ሲመዘግብ ኖረ። 800 ያህል ሴሎችን አያይዞ የመብረቅን ጠባይ አጠና። ውጤቱንም በ1879 በመጽሐፍ አሳተመ።

በመካከሉ ምንጩ ፈለቀ። በ1870ዎቹ የቤልጂጉ ተወላጅ የግራም ዲናሞ ገበያ ላይ ዋለ፤ ኤሌክትሪክም በርካሽ መመረት ጀመረ። በ1881 ደግሞ ካሚይ ፎር የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ የእርሳስ ኦክሳይድን እንደ ሊጥ አቡክቶ በሉሁ ላይ መለጠፍን አመጣ። የወራቱ ልፋት ወደ አጭር ጊዜ ወረደ። በዚያው ዓመት ጉስታቭ ትሩቬ በፕላንቴ ዓይነት ባትሪ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በፓሪስ ጎዳና ላይ ነዳ። ፕላንቴ ይህን ለማየት በቃ። በ1889፣ በ55 ዓመቱ፣ በሜዶን አረፈ። በስሙም በአካዳሚው ሽልማት ተቋቋመ፤ በ1895 ሽልማቱን ካገኙት አንዱ ያኔ ገና ዝናው ያልወጣው ፒየር ኩሪ ነው።

የባትሪው ትልቁ ዘመን የመጣው ከሠሪው ሞት በኋላ ነው። በ1899 ካሚይ ዠናዚ የሚባል ቤልጂጋዊ በእርሳስ ባትሪ መኪና በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር በመንዳት በመኪና የ100 ኪሎ ሜትርን ወሰን የሰበረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለቱ ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ዋት ያህል ጉልበት ነበራቸው። ይሁንና እርሳስ ከባድ ነው። በአንድ ኪሎ ግራም የሚይዘው ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ቤንዚን ግን በኪሎ 12,000 ያህል ይይዛል። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ ቤንዚን ወሰደው።

የቤንዚን መኪናም ቢሆን ራሱን አያስነሣም ነበር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለአፄ ምኒልክ መኪና ሲገባ፣ በዓለም ላይ የነበረ የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው የሚነሣው ከፊት በሚገባ ብረት በእጅ እየተሽከረከረ ነው። ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ የሰው ክንድ ይሰብራል። በ1912 የካዲላክ መኪና ቻርልስ ኬተሪንግ በሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ መነሣት ሲጀምር፣ ያንን ጉልበት የሰጠው የፕላንቴ ባትሪ ነው። ስድስት ሴል፣ 12 ቮልት ያለው የዛሬ ባትሪ ትንሽ መኪና ሲያስነሣ ቮልቱ ወደ 10 ወርዶ 150 አምፒር ቢሰጥ፣ 1,500 ዋት ማለት ነው፤ የሁለት ፈረስ ጉልበት ያህል። ኤዲሰን ዐሥር ዓመት ያህል ለፍቶ የሠራው የኒኬልና የብረት ባትሪ ዕድሜው ረጅም ነበር፤ እንዲህ ያለ የአፍታ ጉልበት ለመስጠት ግን ደካማ በመሆኑ በዚህ ሥራ ላይ እርሳስን ሊተካ አልቻለም።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! ከመካከላችን የመመረቂያ ሥራው ተደርድሮ አቧራ የሚጠጣ፣ የተማረው ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም ግራ የገባው ጥቂት አይደለም። ፕላንቴም ሥራውን ሲጀምር የሚሞላበት ምንጭ፣ የሚጭነው መኪና አልነበረም። በእጁ የነበረው ጠቃሚ ዕውቀትና ሶብር ብቻ ነው። እየሞላ፣ እያራገፈ፣ እንደገና እየሞላ ቆየ፤ በእያንዳንዱ ዙርም የእርሳሱ ዐቅም ጥቂት ጨመረ። የጥናት ጊዜያችንም እንዲሁ ነው። የሚጠቅም ዕውቀት ይዘን እንጽና፤ ምንጩ የሚፈልቅበትን ቀን የሚያውቀው አላህ ነው።