ሐበሻዋ፣ የባሕሯ፦ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)

 

የሐበሻን ሒጅራ ስንተርክ ሁሌ የምንቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ነጃሺ ፊት ቆሞ ሱረቱ መርየምን ሲቀራ፣ ንጉሡም ሲያለቅስ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ብንኮራበትም ያምርብናል። ግን ያ ችሎት የአንድ ሁለት ቀን ጉዳይ ነው። ሰዎቹ ከዚያ በኋላ እዚህ አገር ከአስር ዓመት በላይ ኖረዋል። በልተዋል፣ ታመዋል፣ ወልደዋል፣ የሚያለቅስ ልጅ ሲያባብሉ አድረዋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚህ ኑሮ ነው፤ ከኖሩትም መካከል ስለ ጀዕፈር ባለቤት፣ ስለ አስማእ ቢንት ዑመይስ።

አስማእ ከኸሥዐም ጎሳ ናት። እህቶቿን ስጠራላችሁ ቤተሰቡን ታውቁታላችሁ፦ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት መይሙና፣ የዐባስ ሚስት ኡሙል ፈድል፣ የሐምዛ ሚስት ሰልማ። እስልምናን የተቀበለችው ገና ከጠዋቱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአርቀም ቤት ማስተማር ሳይጀምሩ ነው። የቁረይሽ ግፍ ሲበረታ፣ እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ፣ ከባሏ ጋር ባሕሩን ተሻገረች። ወጣቶች ነበሩ። ኢብኑ ኢስሐቅ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ወንዶች ሕፃናቱን ሳይጨምር 83 አድርጎ ቆጥሯቸዋል።

ሦስት ልጆቿን፣ ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን፣ የወለደችው እዚህ ነው። ዐብደላህ በሐበሻ ምድር ከሙስሊም ወላጆች የተወለደ የመጀመሪያው ሕፃን ነው ይባላል። በዚያው ሰሞን ነጃሺም ወንድ ልጅ ወልዶ ስሙን ዐብደላህ እንዳለው፣ አስማእም ከራሷ ልጅ ጋር አብራ እንዳጠባችው የዘገቡ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። የጡት ዝምድና በሸሪዓችንም ሆነ በአገራችን ምን ያህል እንደሚያስር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስደተኛዋ እጇን ዘርግታ የምትቀበል ብቻ አልነበረችም፤ ለአስተናጋጇ ቤት የሰጠችውም ነገር አለ።

ኑሮው ግን የተረጋጋ አልነበረም። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደምታወራው፣ አንድ ጊዜ በነጃሺ ላይ ሌላ ሰው ተነስቶ ንግሥናውን ሊቀማው ጦር ገጠመው። ስደተኞቹ ያን ያህል ያዘኑበት ቀን አልነበረም፤ አዲሱ ሰው ቢያሸንፍ መብታቸውን እንደ ነጃሺ ያውቅላቸው እንደሁ ምን ዋስትና አለ? ሴቶቹም ወንዶቹም ዱዓ ላይ ተቀመጡ። ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ነበረና የተነፋ አቁማዳ ደረቱ ሥር አድርጎ ወንዙን በዋና ተሻግሮ ጦርነቱን አይቶ እንዲመጣ ላኩት። የነጃሺን ድል ይዞ ሲመለስ የነበረውን ደስታ ገምቱት። የመኖሪያ ፈቃዱ መታደሱንና አለመታደሱን የሚጠብቅ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

አራዳና ፒያሳ የምትኖሩ፣ የኖራችሁም፣ ሰፈራችሁ በእንዲህ ያሉ ሰዎች የተሠራ ነው። የመኑ፣ ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ መጥቶ ሱቅ የከፈተበት፣ ወርቅ የሠራበት፣ ልጅ ያሳደገበት ነው። የሰፈር ሱቅን እስከ ዛሬ አረብ ቤት የሚሉ አዛውንት አሉ። በ2016 ዓ.ም. ቤቶቹ ሲፈርሱ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ተራው የእናንተ ሆኖ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዳችኋል። ጁሙዓን ኑር መስጂድ ለመስገድ ሁለት ሦስት ታክሲ የምትይዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህና የአስማእ ሒጅራ አንድ ናቸው አልልም፤ እሷ የተሰደደችው ለዲኗ ነው። ጎረቤት አጥቶ አዲስ ቦታ ላይ ቤት ማሞቅ ግን ለማንም ያው ነው።

በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ628፣ ነጃሺ የቀሩትን ሙሐጂሮች በሁለት መርከብ አሳፈራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኸይበርን ድል ባደረጉ ሰሞን ደረሱ። ጀዕፈርን ሲያዩ በኸይበር መከፈት ይደሰቱ ወይስ በእሱ መምጣት፣ የትኛው እንደሚበልጥባቸው እንደማያውቁ ተናገሩ።

አስማእም መዲና ገባች። አንድ ቀን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትጠይቅ ቤቷ ሄዳ ሳለ ዑመር (ረ.ዐ) ልጁን ሊያይ መጣ። ማን እንደሆነች ጠየቀ፤ አስማእ መሆኗ ሲነገረው ሐበሻዋ ናት? የባሕሯ ናት? አለ። ቀልድ ቢጤ ነበር። ቀጥሎ የተናገረው ግን ቀልድ አልነበረም፤ በሒጅራ ቀድመናችኋል፣ ስለዚህ ለአላህ መልእክተኛ ከእናንተ ይልቅ እኛ የቀረብን ነን አላት።

አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከመልእክተኛው ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቆችና በሚጠሉን ሰዎች አገር ነበርን፣ እንጎዳና እንፈራ ነበር፤ ያም ሁሉ ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል ነው አለችው። ይህን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳልነግር እህል ውኃ አልቀምስም ብላ ማለች፤ አልዋሽም፣ አላጣምም፣ አልጨምርበትም ስትልም አከለች። ሄዳም ነገረቻቸው። እሳቸውም ዑመር ከእነሱ የበለጠ ቅርበት እንደሌለው፣ ለእሱና ለጓደኞቹ አንድ ሒጅራ፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ፈረዱ። ይህን ቡኻሪ የዘገቡት ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ነው፤ እሱም በዚያው መርከብ የመጣ ነው። የመርከቧ ሰዎች ቡድን በቡድን እየሆኑ አስማእ ዘንድ ይመጡና ንገሪን ይሏት ነበር። አቡ ሙሳማ ደጋግሞ ያስነግራት ነበር። ከዱንያ ምንም ነገር የዚያን ያህል አላስደሰታቸውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ሐበሾች እንግዳ ተቀባይነታችንን እንወዳለን፤ ነጃሺንም እናነሳለን፤ እውነትም ነው። ግን እንግዳዋ ራሷ ስትጠየቅ ምን አለች? በሩቆችና በሚጠሉን ሰዎች አገር ነበርን። ንጉሡን አላማችም፤ የፍትሑ ታሪክም የደረሰን ከእነዚሁ ስደተኞች ነው። ፍትሐዊ ንጉሥ ያለበት አገር ላይ ሆኖም በየገበያው፣ በየጎረቤቱ የሚያይህ ዓይን ሌላ ሊሆን ይችላል ማለቷ ነው። ምስጋናውም ምሬቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብሮ ይኖራል። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ አልሐምዱሊላህ እያልሽ ማታ ላይ ብታለቅሺ ምስጋናሽ ውሸት ነው የሚልሽን አትስሚው። አንቺም አዲስ አበባ ቤትሽ የሶሪያ ወይም የየመን ስደተኛ የሚያንኳኳብሽ፣ ዳቦውን ስትሰጪ ፊትሽንም አብረሽ ስጪ።

ወደ ቤታቸው እንመለስ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዑምራ ሲመለሱ የሸሂዱ ሐምዛ ሴት ልጅ መካ ቀርታ ነበርና እየተጣራች ተከተለቻቸው። ማን ያሳድጋት በሚለው ዐሊይ፣ ዘይድና ጀዕፈር ተከራከሩ። ፍርዱ ለጀዕፈር ሆነ፤ ምክንያቱ አስማእ ናት፤ የልጅቷ አክስት፣ የእናቷ እህት ነበረችና። አክስት በእናት ቦታ ናት ተባለ። ከስደት የተመለሰችው፣ ሦስት ወንድ ልጅ የያዘችው ሴት አራተኛ ጨመረች።

ልጆቿ ከሲታ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወንድሜ ልጆች ሰውነት ለምን ከሳ፣ አይበሉም ወይ ብለው ሲጠይቋት ምግብ እንዳልጎደላቸው፣ ዓይን ቶሎ እንደሚይዛቸው ነገረቻቸው፤ ሩቅያ እንድታደርግላቸው ፈቀዱላት። የመርካቶም የፒያሳም እናት ይህን ወሬ ስትሰማ ጎረቤቷ የምታወራ ይመስላታል።

ቤተሰቡ መዲና አብሮ የኖረው ግን ከአንድ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ጀማደል ኡላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ629፣ ጀዕፈር ለሙእታ ዘመቻ ወጣ። ዘይድ ሲወድቅ ባንዲራውን ያዘ፤ ሁለት እጆቹ ተቆረጡ፤ ተገደለ። የሁለት ክንፍ ባለቤት የሚባለው ለዚህ ነው።

አስማእ ወሬው አልደረሳትም። የዚያን ቀን ጠዋት ምን ስትሠራ እንደዋለች ሲራው ይነግረናል፤ አርባ ቆዳ አልፍታ፣ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቀብታ፣ አሰናድታ ነበር። ቆዳ ማልፋት ምን ያህል የጉልበት ሥራ እንደሆነ፣ ሽታውም እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባል ዘመቻ ሲወጣ ቤት የሚቆመው በእንዲህ ያለ ክንድ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡና ልጆቹን እንድታመጣላቸው ጠየቋት። አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስለ ጀዕፈር የደረሳችሁ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ፣ ዛሬ ተገደለ አሏት። ተነስታ ጮኸች፤ ሴቶቹ ተሰበሰቡ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወጥተው ለቤተሰባቸው ያዘዙት ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠሩ ነው፤ የሚያስጨንቅ ነገር መጥቶባቸዋልና። ሱናው ከዚህች ቀን የመጣ ነው። ለቅሶ ቤት ምግብ የሚሠራው ጎረቤት እንጂ ሐዘንተኛው አይደለም። የአራዳ ዕድር ድሮ ይህን ያውቅበት ነበር፤ ድስቱም እንጀራውም ከየቤቱ ይመጣ ነበር። አሁን አሁን አባቱን የቀበረ ልጅ በዚያው ዕለት በሬ ሊገዛ፣ ገንዘብ ሊበደር ሲሯሯጥ ታያላችሁ። በሊጥ ላይ ሳለች የተረዳችው ሴት ስንት ሰው ልታበላ ነው? ይህን ጉዳይ የየሰፈራችሁ ጀመዓ ቁጭ ብሎ ቢነጋገርበት እወዳለሁ፣ ከዛሬ ሶላት በኋላም ቢሆን።

ሦስት ቀን ቆይተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተመልሰው መጡ፤ ከዛሬ በኋላ በወንድሜ ላይ አታልቅሱ አሉ። ፀጉር አስተካካይ አስጠርተው የልጆቹን ራስ አስላጩ። ዐብደላህ በመልክም በጠባይም እኔን ይመስላል ብለው ዱዓ አደረጉለት። እናቲቱ የልጆቿን የቲምነት ስታነሳ፣ በዱንያም በአኺራም ተጠሪያቸው እኔ ሆኜ ድህነት ትፈሪላቸዋለሽ ወይ አሏት።

ከዚያ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) አገባት። በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ ለመሰናበቻው ሐጅ ሲወጡ ዙል ሑለይፋ ላይ ምጥ ያዛትና ሙሐመድ ኢብኑ አቢ በክርን ወለደች። ከመዲና ብዙም አልራቁም ነበር፤ መመለስ ትችል ነበር። እሷ ግን ምን ላድርግ ብላ ላከች። ታጠቢ፣ በጨርቅ ታጠቂ፣ ኢሕራም አድርጊ የሚል መልስ መጣላት፤ አራስ ሆና መንገዱን ቀጠለች። በሐጅ ጊዜ የወለደች ሴት ሕግ የምንቀራው ከእሷ ነው።

ከሐበሻ ያመጣችውም ነገር አለ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ሴት ስትሞት ጨርቅ ብቻ ጣል ሲደረግባት የአካሏ ቅርጽ መታየቱን ጠልታ ነበር። አስማእ በሐበሻ ያየችውን አሳየቻት፤ እርጥብ የተምር ዝንጣፊ አምጥታ አጎበጠችና ጨርቅ አለበሰችበት። ፋጢማ ወደደችው። በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ ስትሞት በዚያ ተሸፍና ወጣች፤ ካጠቧትም አንዷ አስማእ እንደነበረች ይዘገባል። አገራችን ለነቢዩ ቤት ካበረከተችው ይህችን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

አቡበክርም በ13ኛው ዓመት ሲሞት ያጠበችው እሷ ናት፤ ኑዛዜው ነበር። ኢማም ማሊክ ሙወጧእ ላይ እንደዘገቡት ያን ቀን ጾመኛ ነበረች፣ ብርዱም ብርቱ ነበር። ለተገኙት ሙሐጂሮች ገላዬን መታጠብ ግዴታዬ ነው ወይ ብላ ጠይቃ የለብሽም አሏት። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆና የዲኗን ሕግ የምትጠይቅ ሴት ናት።

ቀጥሎ ዐሊይ (ረ.ዐ) አገባት። ሁለቱ ሙሐመዶች፣ የጀዕፈር ልጅና የአቡበክር ልጅ፣ አባቴ ይበልጣል እየተባባሉ ተከራከሩ። ዐሊይ አንቺ ፍረጂ አላት። ከዐረብ ወጣት ከጀዕፈር የተሻለ፣ ከጎልማሳም ከአቡበክር የተሻለ አላየሁም ብላ ፈረደች። ዐሊይ ታዲያ ለእኛ ምንም አላስቀረሽልንም አለ። በዚያ ቤት ውስጥ የሞቱ ባሎች ስም የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

በ38ኛው ዓመት፣ ያ መንገድ ላይ የወለደችው ሙሐመድ ግብፅ ውስጥ ተገደለ። ወሬው ሲደርሳት ወደ መስገጃ ቦታዋ ገብታ ተቀመጠች፤ ቁጣዋን ዋጠች። ሐበሻ የተወለደው ዐብደላህ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረ። በቸርነቱ የችሮታ ባሕር እስኪባል ድረስ ታወቀ፤ የሞተውም በ80ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲና ላይ ነው ይላሉ ብዙዎቹ ሊቃውንት።