ቻርልስ ኬተሪንግ

ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1876 በሰሜን አሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ ላውደንቪል አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ዓይኑ ደካማ ስለ ነበር ማንበብ እጅግ ያስቸግረው ነበር። በገጠር ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን የዓይኑ ሕመም ስለ ጸናበት ትምህርቱን አቋርጦ የስልክ መስመር ዘርጊ ሆነ። ሆኖም ተስፋ አልቆረጠም። ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ጓደኞቹ እያነበቡለት ተማረና እ.ኤ.አ. በ1904 በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ።

በዚያን ዘመን የመኪና ሞተር የሚነሣው የብረት መዘወሪያ በእጅ በማዞር ነበር። ነጂው የብልጭታውን ጊዜ ማዘግየት ከረሳ ብልጭታው ይቀድምና መዘወሪያው ወደ ኋላ ተወርውሮ ክንድ ይሰብር ነበር። ኬተሪንግ ይህን ችግር ለማስወገድ ተነሣ። በ1909 ከባልደረባው ከኤድዋርድ ዲድስ ጋር ዴልኮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በባትሪ፣ በጥቅል ሽቦና በዲስትሪቡተር የሚሠራውን የማቀጣጠያ ስልት እያሻሻለ አዘጋጀ፤ በ1912 ሞዴል የካዲላክ መኪናዎችም ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ማስነሻው ተገጠመ።

የዲስትሪቡተር ተግባር ኃይለኛውን ኤሌክትሪክ ለየካንዴላው በተራ ማደል ነው። የታመቀው ጋዝ ነዶ እስኪያልቅ ጥቂት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት መምጣት አለበት። ስለዚህ መካኒኩ በመጀመሪያ የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ጋዙን አምቆ ወደ ላይኛው ጫፍ እንዲቀርብ ያደርጋል። ቀጥሎ በውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል ወደ አንደኛው ካንዴላ ሽቦ እንዲያመለክት አድርጎ ዲስትሪቡተሩን ይተክላል። የቀሩትንም ሽቦዎች በሞተሩ የአቀጣጠል ተራ ያገናኛል። በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥቶ ዲስትሪቡተሩን በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ በማዞር ጊዜውን ከምልክቱ ጋር ያስማማና ማሠሪያውን ያጠብቃል።

ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ለብዙ ዓመታት ሕዝብ ያመላለሱት አሮጌ ቢጫ ታክሲዎች በዚህ ስልት ይሠሩ ነበር። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት ወራት ብልጭታው ያለ መጠን የቀደመበት ሞተር ይንኳኳል፤ ኃይሉ ይደክማል፤ ፒስተኑም ሊጎዳ ይችላል። በእንዲህ ያለ አገር የመካኒኩ ጥንቃቄ የባለታክሲው እንጀራ ነው።

ይኸው የመንኳኳት ችግር ኬተሪንግን ለሌላ ምርምር አነሣሣው። ብዙዎች ጥፋቱን በእርሱ ማቀጣጠያ ላይ ሲያሳብቡ፣ እርሱ ምክንያቱ ነዳጁ መሆኑን ተረዳ። በ1921 በእርሱ መሪነት ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ እርሳስ ያለበት ውህድ ቤንዚን ላይ ሲጨመር መንኳኳቱ እንደሚቆም አገኘ። ነገር ግን እርሳስ መርዝ ነው። በ1924 ውህዱ በሚዘጋጅባቸው ፋብሪካዎች ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ። ይህም ሆኖ ሽያጩ ቀጠለ፤ ጢሱም በብዙ ከተሞች የሕፃናትን አእምሮ ሲጎዳ ኖረ። ኢትዮጵያና ሱዳንን ጨምሮ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ 2006 መባቻ አስወገዱ፤ በዓለም ላይም በ2021 ለመኪና መሸጡ ቀረ።

ኬተሪንግ የጄኔራል ሞተርስን የምርምር ክፍል እስከ 1947 መርቶ በ1958 አረፈ። ከመቶ በላይ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቧል። ሕይወቱ ትጋት የዓይንን ድካም እንኳ እንደሚያሸንፍ ያስተምራል፤ የሠሩት ነገር የሚያስከትለውን ጉዳት አስቀድሞ መመርመርም የሊቅ ሁሉ ግዴታ መሆኑን ያስገነዝባል።