አስናቀች ወርቁ፦ የመድረኩን በር የከፈተች ሴት



በዛሬው ዓምዳችን የምናስተዋውቃችሁ አርቲስት አስናቀች ወርቁን ነው። እናንተ ልጆች አታውቋት ይሆናል። አባትና እናታችሁን ብትጠይቁ ግን ስለ ድምፅዋና ስለ ክራሯ ያጫውቷችኋል።

አስናቀች በ1920ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደች። እናቷን ገና ነፍስ ሳታውቅ በሞት ስላጣች ያደገችው በሰው እጅ ነው። ክራር መምታትንም ያስተማራት የለም፤ ራሷ እየሞከረች ለመደችው። በዚያን ዘመን በገና ለመዝሙር ስለሚሆን ይከበር ነበር። ክራር ግን የዘፈን መሣሪያ በመሆኑ፣ ክራር የያዘች ሴት ከሰው አፍ አትድንም ነበር።

ልጆች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቴአትር በአገራችን የተጀመረው በ1910ዎቹ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ድርሰት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እናት፣ ሚስት ወይም ሙሽራ ሆነው መድረክ ላይ የሚወጡት ቀሚስ የለበሱ፣ ሻሽ ያሰሩ ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መጫወቷ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በስፔን ለሴት ተዋንያን ፈቃድ የተሰጠው በ1587 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ።

አስናቀች በ1945 ዓ.ም. ገደማ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ቴአትር ላይ ስትተውን፣ በአገራችን መድረክ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ለመባል በቃች። ተመልካቹ የሴትን ሐዘንና ደስታ ከሴት አንደበት ሰማ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ይኸውም ኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ነው። አስናቀችም በዚያ ለረጅም ዓመታት ስትተውንና ስትዘፍን ኖረች። ግጥም እየፈጠሩ በክራር ማዜም ታውቅበት ነበር። «እንደ ኢየሩሳሌም» የተሰኘው ዘፈኗ እስከ ዛሬ ይደመጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. ሥራዎቿ ፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ በሲዲ ወጡ። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለትምህርት ቤት በዓል ድራማ ስናዘጋጅ የእናትን ቦታ የሚይዝልን ብዙ ጊዜ ነጠላ የለበሰ ወንድ ልጅ ነው። ሕፃናቱ ይስቃሉ፤ የእናት ሐዘን ግን መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ኮር ዊሊያም ውኃ የሚቀዱት፣ ወንድሞቻቸውን የሚያሳድጉት፣ የስደቱን ሸክም የተሸከሙት ሴቶች ልጆች ናቸው። ታሪካቸውን ከእነሱ የተሻለ ማን ይጫወተዋል? ልጃችሁ ለልምምድ ስትጠየቅ ብትፈቅዱላት፣ ልምምዱ በቀን፣ በመምህራን ፊት ነው። መጥታችሁም ማየት ትችላላችሁ።

እናንተም ሴት ተማሪዎች፣ አስናቀች በር ስትከፍት ከፊቷ የሄደ ሰው አልነበረም። ለእናንተ ግን እሷ ቀድማላችኋለች።