ብሌዝ ፓስካልና የቁጥር መንኰራኵሮቹ

በ9999 ላይ 1 መደመር ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ዘጠኝ ወደ ዜሮ እየመለስን፣ አንዱን በእጅ እየያዝን ወደ ግራ እንሄዳለን። ይህንኑ በብረት ጥርስ ለማሠራት ግን አንድ ወጣት ሦስት ዓመት ደክሟል። በዚህ በቁይ ትምህርታችንን ልንፈጽም የተቃረብን ተማሪዎች ታሪኩን የመረጥነው፣ ሥራውን ሲጀምር በእኛ ዕድሜ ስለ ነበረ ነው።

ብሌዝ ፓስካል በፈረንሳይ አገር በክሌርሞን ከተማ በ1623 ዓ.ም. ተወለደ (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እናቱ በሕፃንነቱ ሞተችበት፤ አባቱ ኤቲዬን ራሱ አስተማረው። አባቱ በሩዋን ከተማ በግብር ሥራ ላይ ተሹሞ በማያልቅ ድምር ሲደክም ልጁ አየና፣ በ1642 ዓ.ም. ገና 19 ዓመት ሳይሞላው የሚደምር መኪና ማሰብ ጀመረ። የዘመኑ ገንዘብ ደግሞ 12 ደኒዬ አንድ ሶል፣ 20 ሶል አንድ ሊቭር ነበረና ሒሳቡን አክብዶታል።

በመኪናው ውስጥ እያንዳንዱ መንኰራኵር የራሱን አኃዝ ብቻ ይይዛል፤ ከዘጠኝ ሲያልፍ ጎረቤቱን አንድ ጥርስ ይገፋዋል። ችግሩ ዘጠኞች ሲደረደሩ ነው፤ የመጀመሪያው ሁሉንም ልግፋ ቢል ጉልበት ያጥረዋል። ስለዚህ ፓስካል በየመንኰራኵሩ አጠገብ አንድ የብረት ክንድ አኖረ። መንኰራኵሩ ወደ ዘጠኝ ሲሄድ ክንዱን ቀስ በቀስ ያነሣዋል፤ ወደ ዜሮ ሲመለስ ክንዱ በክብደቱ ወድቆ የሚቀጥለውን ይገፋል። ጉልበቱ አስቀድሞ ተጠራቅሞ ይቈያል ማለት ነው። እኛ ከሥራው ሁሉ የምናደንቀው ይህን ክንድ ነው።

ከ50 በላይ ሙከራ አድርጎ በ1645 ዓ.ም. መኪናውን ለሕዝብ አሳየ። በመካከሉ አንድ ሰዓት ሠሪ የማይረባ ቅጂ ቢሠራበት ተስፋ ቈርጦ ትቶት ነበር። በ1649 ዓ.ም. ሌላ እንዳይሠራው የንጉሥ ፈቃድ አገኘ፤ ዋጋው ግን ውድ ነበረና ገዢው ጥቂት ሆነ። በሽታ ያልተለየው ፓስካል በ1662 ዓ.ም. በ39 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ።

ከ300 ዓመት በላይ ቈይቶ በ1975 ዓ.ም. ኤ.ኤም.ዲ. የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 2901 የሚባል ቺፕ አወጣ። መሐንዲሶቹ ከፓስካል ቀዱ አንልም፤ አሠላለፉ ግን ያው ነው። አንዱ ቺፕ የሚያሰላው አራት ቢት ብቻ ነው (ቢት 0 ወይም 1 የሚይዝ አኃዝ ነው)። በደቦ አጨዳ እያንዳንዱ በፊቱ ያለውን እንደሚያጭድ፣ አራቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ 16፣ ስምንቱ 32 ቢት ያሰላሉ፤ በእጅ የተያዘውንም ለጎረቤት ያቀብላሉ። መላውን ማስሊያ በአንድ ቺፕ የያዙት የዚያ ዘመን ሥራዎች ዝግተኞች ስለ ነበሩ፣ ፍጥነት የፈለገ እነዚህን ገዝቶ የራሱን ኮምፒዩተር ይገጥም ነበር። አታሪ በ1980 ዓ.ም. ባወጣው ባትልዞን በተባለው የታንክ ጨዋታ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንትም ቫክስ 11/730 በተባለው ኮምፒዩተሩ ተጠቅመውበታል። ቺፖቹ ተራ በተራ ሲቀባበሉ ጊዜ እንዳይባክን ደግሞ 2902 የተባለ ሌላ ቺፕ ተሠራ፤ ለእያንዳንዱ በእጅ የሚመጣለትን አስቀድሞ ያሰላለታል።