ያኮብ ሴደርሆልምና የፊንላንድ ጥንታዊ ግራናይት

የሥነ ምድር ሊቁ ያኮብ ዮሃነስ ሴደርሆልም እ.ኤ.አ. በ1863 በሄልሲንኪ ተወለዱ። በ1891 ስለ ራፓኪቪ ጥናት አሳተሙ። ይህ ግራናይት የሚታወቀው በፕላጂዮክሌዝ ሽፋን በተከበቡ ድቡልቡል የፖታሲየም ፌልድስፓር ማዕድናት ነው። ከ1893 እስከ 1933 ድረስም የአገራቸውን የሥነ ምድር ኮሚሽን መሩ።

በዘመኑ ብዙዎች ግራናይትን ከጥልቅ የወጣ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ የሚፈጥረው አድርገው ያዩት ነበር። ሴደርሆልም ግን በደቡብ ምዕራብ ፊንላንድ ዳርቻ፣ የበረዶ ግግር ባለሰለሳቸው ገላጣ አለቶች ላይ፣ የግራናይት ጅማቶች ከጥንታዊው ናይስ ጋር ወሰናቸው እስኪጠፋ ተዋሕደው አገኙ። ከዚህም በመነሣት አሮጌ አለት በጥልቅ ዳግም ቀልጦ ግራናይት ሊሆን እንደሚችል ደመደሙ፤ ድብልቁን አለትም በ1907 ሚግማታይት ብለው ሰየሙት።

የግራናይት አመጣጥ ክርክር እ.ኤ.አ. በ1934 ካረፉ በኋላም ቀጠለ። በ1958 የታተመው የተትልና የቦወን የቤተ ሙከራ ጥናት፣ ኳርትዝና ፌልድስፓር ውኃ ባለበት ከፍተኛ ግፊት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባነሰ ሙቀት ጭምር መቅለጥ እንደሚጀምሩ አሳየ። እንዲህ ያለው ሙቀት በምድር ቅርፊት ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ፣ ሴደርሆልም ከአለቱ ገጽ ያነበቡት ዳግም መቅለጥ የሙከራ ድጋፍ አገኘ።